ለባህል ሥራ ከከተማ በጀት ድጋፍ የሚገኘው እንዴት ነው? ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

«በሆጤ አካባቢ የምንኖር ወጣቶችና አባቶች ተሰባስበን፣ በዕድሜ የገፉ የመንዙማና የባህላዊ ዜማ አዋቂዎቻችንን ድምፅ ቀርጸን ለማስቀመጥ፣ በዚያውም ለሰፈራችን ልጆች የማሲንቆና የክራር ሥልጠና ለመስጠት አስበናል። ኅዳር ላይ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ብናስገባ ‹በጀት የለም› የሚል መልስ በቃል ተነገረን። ለመሆኑ የከተማ ምክር ቤት ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ይሰጣል ወይ? የሚሰጥ ከሆነስ እንዴት ይጠየቃል?» የሚል ጥያቄ ከደሴ ደርሶኛል። በከተማ አስተዳደር የዕቅድና የበጀት ሥራ ውስጥ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ይኸው ጥያቄ በየሰፈሩ እንደሚነሳ ስለማውቅ ምላሹን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ድጋፉ ይገኛል፤ አብዛኛው ሰው በሚያስበው መንገድ ግን አይገኝም። የከተማ ምክር ቤት የሕዝብ ተመራጮች የሚሰበሰቡበት፣ የአስተዳደሩን ዓመታዊ ዕቅድና በጀት መርምሮ የሚያጸድቅና አፈጻጸሙን የሚከታተል አካል ነው እንጂ ማመልከቻ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያከፋፍል ቢሮ አይደለም። ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውሉት በከንቲባው የሚመራው አስፈጻሚና በሥሩ ያሉት መምሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ለባህል ሥራ ድጋፍ ማግኘት ማለት በተግባር የእናንተ ሥራ በአንድ መምሪያ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ እንደ አንድ ተግባር ገብቶ፣ በጀት ተይዞለት፣ በምክር ቤቱ መጽደቁ ነው። ኅዳር ላይ «በጀት የለም» መባላችሁም እናንተን ለመመለስ የተፈጠረ ሰበብ ላይሆን ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃ ስለሆነ፣ ኅዳር ላይ የዓመቱ ገንዘብ በየመደቡ ተደልድሎ አምስተኛ ወሩን ይዟል። በዚያን ጊዜ ለአዲስ ሥራ ገንዘብ የሚገኘው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በማዘዋወር፣ ከመጠባበቂያ በመውሰድ ወይም ተጨማሪ በጀት በማስጸደቅ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ፈቃጅ የሚበዛባቸው መንገዶች በመሆናቸው፣ ለአንድ ሰፈር የባህል ሥራ ብሎ ይህን ሁሉ የሚወጣ ኃላፊ እምብዛም አይገኝም። የእናንተ ጥያቄ ያጣው ዋና ነገር ወቅቱን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ባህሎች በእኩልነት እንዲዳብሩ የመደገፍን ኃላፊነት አስቀምጦ፣ ኪነ ጥበብን የማስፋፋቱን ግዴታ አቅም በፈቀደ መጠን በሚል ወሰን ያስቀምጥለታል። ይህ ወሰን በበጀት ክርክር ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ሕገ መንግሥቱን ይዞ ይህን ያህል ብር ይከፈለን ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የባህል ሥራ የከተማው ሥራ አይደለም የሚል ባለሙያ ቢገጥማችሁ፣ ሁለቱን አንቀጾች በደብዳቤያችሁ ጠቅሳችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ በሕግ ክርክር ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የሚወሰነው በአቅሙ በኩል ነውና።

አቅሙ ምን ይመስላል? የከተማ ገንዘብ ከሁለት ትልልቅ ምንጮች ይመጣል። አንደኛው ክልሉ በቀመር አስልቶ የሚሰጠው የድጎማ በጀት ሲሆን፣ እርሱም በዋነኛነት ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች፣ ከዚያም ውስጥ በብዛት ለሠራተኛ ደመወዝ ይውላል። ሁለተኛው ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ነው፤ ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚገኘው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ለመንገድ፣ ለመብራት፣ ለጽዳትና ለመሳሰሉት ይመደባል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ እንደመሆኗ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የድጋፍ ግንብ የማይጠይቅ ሰፈር የላትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የበጀት ኮሚቴ አባላት በአንድ ገጽ ላይ የሚያዩት የእናንተን የድምፅ መቅጃ ከሚናድ አፈር መከላከያ ግንብ ጋር ጎን ለጎን ነው። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ የጥያቄያችሁን መጠንና ዓይነት ስትወስኑ ከማን ጋር እንደምትሻሙ አውቃችሁ እንድትወስኑ ነው።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ጥሬ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ከተማው በእጁ ያለውን ነገር መጠየቅ ይበጃል። ከተማው አዳራሽ አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ የሚሆኑ የትምህርት ቤት ክፍሎች አሉት፤ የባህል ባለሙያ፣ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ፣ ካሜራ፣ ተሽከርካሪ አለው። ለሥልጠናው ክፍል፣ ለቀረጻው ባለሙያ፣ ወደ ገጠር ለምትወጡበት ቀን ተሽከርካሪ ቢፈቀድላችሁ በጥሬ ገንዘብ የሚቀረው ጥያቄ በጣም ያንሳል፤ ትንሽ ጥያቄ ደግሞ ከትልቅ ጥያቄ ይልቅ በመምሪያ ደረጃ የመወሰን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኃላፊው የኦዲት ጥያቄ ሳይፈራ ይፈርማል።

ወቅቱን በሚመለከት ይህን ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ የቀጣዩ ዓመት የበጀት ጥሪ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው በዓመቱ አጋማሽ ከጥር ወዲህ ነው። መምሪያዎች ከተሰጣቸው ጣሪያ፣ ማለትም ሊጠይቁት ከሚፈቀድላቸው ከፍተኛ መጠን ጋር እያስተያዩ ዕቅዳቸውንና የበጀት ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የበጀት ክርክር ይደረጋል፤ የክልሉ ድጎማ ድርሻ ሲታወቅ ረቂቁ ተስተካክሎ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ቀኖቹ ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። የእናንተ ሰነድ በባህልና ቱሪዝም መምሪያው የዕቅድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ መገኘት ያለበት መምሪያው ዕቅዱን ከመጻፉ በፊት፣ ማለትም በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር ነው። መጋቢት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ የሌላውን ቦታ ካልነጠቀ በስተቀር መግቢያ አያገኝም። ለባለሙያው በዚህ ወቅት የተዘጋጀ፣ ወጪው የተሰላ፣ ኅብረተሰቡ የሚያዋጣው የተጻፈበት ሰነድ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ሥራውን እያቀለላችሁለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከእናንተ ወረቀት ላይ በቀጥታ ወደ ዕቅዱ የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገር ያገኛል።

ቀጥሎ የሚነሳው ገንዘቡን ወይም ዕቃውን የሚረከበው ማን ነው የሚለው ነው። ተሰባስበናል ማለት በሕግ ፊት ሰውነት አያሰጥም፤ መንግሥትም ማኅተምና የባንክ ሒሳብ ለሌለው ስብስብ ገንዘብ ማስተላለፍ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበር መመሥረትን ከቀድሞው ሕግ ይልቅ አቅልሎታል፤ ይሁንና በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩ ማኅበራት በየክልላቸው ሕግ የሚመዘገቡ ሲሆን፣ እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አዋጁ አይመለከታቸውም። ማኅበር መሥርታችሁ በክልል ደረጃ ብትመዘገቡ ወደፊት ከሌሎች ለጋሾች ጋር ለመዋዋል ይጠቅማችኋል፤ ከምዝገባው ጋር ግን ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሒሳብ አያያዝና የጠቅላላ ጉባኤ ግዴታዎች አብረው ይመጣሉ። በአሁኑ አቋማችሁ የምመክራችሁ በሰፈራችሁ ቅሬ፣ ማለትም በእድራችሁ በኩል መሄድን ነው። በወሎ ቅሬ ከቀብርና ከሐዘን አልፎ ጥል የሚያበርድ፣ መንገድ የሚያስጠርግ፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ የያዘ ተቋም በመሆኑ በቀበሌም በከተማም የሚታመን ነው። የተመዘገበ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለውና የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቅሬ ካላችሁ፣ የቅሬው ጉባኤ ሥራውን እንደተቀበለ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ አስይዛችሁ ከመምሪያው ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ትችላላችሁ። ቃለ ጉባኤው የባህል ሥራው ገንዘብ ከቅሬው የቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ ተለይቶ እንደሚያዝ በግልጽ መናገር አለበት፤ አለዚያ ነገ የቅሬው አባላት በመካከላቸው መጠራጠር ይጀምራሉ።

አንዳንድ ባለሙያዎች «በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ» ይሏችሁ ይሆናል። ሥልጠናውን ወደ ገቢ ማስገኛ የምትለውጡት ከሆነ ምክሩ ተገቢ ነው፤ የመሥሪያ ቦታና ብድር ለማግኘት ይረዳችኋል። ነገር ግን ያ የንግድ አደረጃጀት ነው፤ ግብር አለው፣ ትርፍ ይጠበቅበታል፣ ከከተማውም የሚያገኘው ብድር እንጂ ልገሳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ቢሆን እንዲሁ ተመላሽ የሚሆን ብድር ነው። ድምፅ ቀርጾ የማስቀመጥ ሥራ ገቢ ስለሌለው በብድር መጀመር የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ፤ የሰፈሩ ልጆች ለሽማግሌ ዜማ ብለው በዕዳ ሊያዙ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው ይዘት ልግባ፤ ጥያቄያችሁ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። መንዙማ በመሠረቱ የሃይማኖት ዜማ ስለሆነ፣ «ለመንዙማ ድጋፍ ስጡን» የሚል ደብዳቤ በዚህ አንቀጽ ላይ ይሰናከላል፤ ኃላፊው በልቡ ቢወደው እንኳ ነገ ሌላው ወገን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚመልስ ያስባል። መፍትሔው መንዙማውን መተው አይደለም። የወሎ መንዙማ በአማርኛ የተደረሰ፣ በዐጀሚ፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ የግጥምና የዜማ ሀብት ነው፤ ስለዚህ በቅርስነቱ ሊሰነድ ይገባዋል። ሥራውን «የአካባቢው የቃልና የዜማ ቅርስ ሰነዳ» ብላችሁ ሰይማችሁ መንዙማውን፣ የበዓላት ዜማውን፣ የሠርግና የሐዘን እንጉርጉሮውን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬ ለኔን በአንድ ላይ አስገቡ። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸውና፣ የትኛውም የምክር ቤት አባል ይህ ሥራ ከከተማው ማንነት ጋር ምን አገናኘው ብሎ አይጠይቃችሁም። የሚቀረጹት ሰዎች ዝርዝርም ሁለቱንም እምነት፣ ሴቶችንም ወንዶችንም የያዘ ይሁን። ሰው እንዲህ ስለሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ የቤት ውስጥ እንጉርጉሮና የልጅ ማባበያ ዜማ በአብዛኛው የሚገኘው ከእናቶች ዘንድ በመሆኑ፣ እነርሱን ያልጨመረ ቀረጻ ጎዶሎ ነው።

ደብዳቤያችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ዝርዝሩ በአባሪ ይሁን። ለምክር ቤቱ ወይም ለከንቲባው ብቻ አትጻፉት፤ ዋናውን ለባህልና ቱሪዝም መምሪያ አድርጉና ግልባጩን ለሌሎቹ ስጡ። አጀማመሩ ይህን ቢመስል መልካም ነው፦

«ለደሴ ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ደሴ። ጉዳዩ፦ የአካባቢው የቃልና የዜማ ቅርስ ሰነዳ ሥራ በቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ እንዲካተት ስለመጠየቅ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የቅሬያችን አባላት በጉባኤ ወስነን በዕድሜ የገፉ 20 የዜማ አዋቂዎችን ድምፅ በመቅረጽ አንዱን ቅጂ ለመምሪያው ለማስረከብ፣ 30 ልጆችንም በማሲንቆና በክራር ለማሠልጠን አቅደናል። ለሥራው ከሚያስፈልገው ወጪ ውስጥ ግማሹን በገንዘብና በጉልበት የምንሸፍን መሆኑን እየገለጽን፣ ቀሪው በመምሪያው ዕቅድ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ የዕቅድ ባለሙያው የሚፈልገው ሁሉ አለ፤ ስንት ሰው ይቀረጻል፣ ስንት ልጅ ይሠለጥናል፣ መምሪያው በመጨረሻ ምን ይረከባል፣ ኅብረተሰቡ ምን ያዋጣል። ቁጥሮቹን እንደ አቅማችሁ ለውጧቸው፤ ሳትቆጥሩ ግን «በርካታ አዋቂዎችን» ብላችሁ አትጻፉ፤ ዕቅድ በቁጥር ካልተለካ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አይገባም፤ ሪፖርት ላይ ለማይገባ ሥራም መምሪያው በጀት ለመከራከር አይነሳሳም።

የኅብረተሰቡ ድርሻ የሚለውን በቀላሉ አትለፉት። በከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በድንጋይ ንጣፍ ሲሠራ ነዋሪው የድርሻውን ገንዘብ ቀድሞ ባንክ አስገብቶ አስተዳደሩ የቀረውን የሚጨምርበት አሠራር የተለመደ ነው፤ የበጀት ሰዎች አእምሮ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተከፈተ ነው። የእናንተ ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም፤ አሠልጣኞቹ በነጻ የሚያስተምሩበት ሰዓት፣ የቅሬው ድንኳንና ወንበር፣ የሽማግሌዎቹ ጊዜ ሁሉ በብር ተተምኖ ይጻፍ፤ ትመናው ግን ማንም ሊያምነው የሚችል ይሁን።

የወጪ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጥያቄዎች የሚበላሹበትን አንድ ነገር በቅርብ ላሳይ። ለድምፅ መቅጃ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰበሰባችሁ እንበል፤ ዝቅተኛው 40,000 ብር ሆነ፤ ሁለት ስለምትፈልጉ 80,000 ብር ብላችሁ ጻፋችሁ። ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ ግን ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር ተጽፏል። ታክሱ 15 ከመቶ ስለሆነ አንዱ መቅጃ 46,000፣ ሁለቱ 92,000 ብር ይመጣሉ፤ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የጎደለውን 12,000 ብር የሚሸፍንላችሁ መደብ የለም፤ ስለዚህ አንድ መቅጃ ብቻ ይገዛል ወይም ግዢው ይቋረጣል። ሁሉንም ዋጋ ከነታክሱ ጻፉ። ፕሮፎርማውን በጥር ሰብስባችሁ ግዢው በመስከረም ወይም በጥቅምት እንደሚፈጸም አስቡና፣ ለዋጋ ጭማሪ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ምክንያቱን ገልጻችሁ አስገቡ። ለአዋቂዎቹ የሚከፈል የድካም ዋጋ ካለ ስማቸው፣ መታወቂያቸውና ፊርማቸው ያለበት የክፍያ ቅጽ እንደምትጠቀሙ ከወዲሁ ጥቀሱ፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት የጣት አሻራና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይተካል።

ሰነዱን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ። በሰው እጅ የተሰጠ ወረቀት ማስረጃ የለውም፤ በመዝገብ ቤት የገባ ግን የገቢ ቁጥርና ቀን ይይዛል፤ ቁጥሩን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፋችሁ አስቀምጡ። ኃላፊው ደብዳቤውን ካየ በኋላ ጠርዙ ላይ «ታይቶ አስተያየት ይቅረብ» ብሎ ለአንድ ባለሙያ ይመራዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልታገኙት የሚገባችሁ ሰው ያ ባለሙያ ነው፤ አስተያየቱን የሚጽፈው እርሱ ስለሆነ ጥያቄ ካለው በአካል ቀርባችሁ አስረዱት። ጎን ለጎን የሰፈራችሁን የምክር ቤት ተመራጮች አነጋግሩ። ተመራጮች ገንዘብ መስጠት ባይችሉም በበጀት ውይይት ላይ የመምሪያው ዕቅድ ሲነበብ ይህ ተግባር እንዳይሰረዝ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ረቂቁን ከሌላው ቀድመው ያዩታል። ምክር ቤቱ በበጀት ላይ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ከቅሬው ሁለት ሰው ይገኝ፤ አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተነሳና በቃለ ጉባኤ የተያዘ ሐሳብ ኋላ ላይ በዝምታ አይወጣም። የጸደቀው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍም ሄዳችሁ አንብቡ።

ስለ ቀረጻው ራሱ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ እነዚህ ካልተሟሉ ሥራው ይበላሻልና። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከዋኙ፣ ማለትም ዜማውን የሚያሰማው ሰው፣ ክዋኔውን ሌላ ሰው እንዲቀርጽ የመፍቀድ መብት ሰጥቶታል፤ የድርሰቱ ባለቤት መብትም ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዋቂ ከመቀረጹ በፊት ድምፁ ለማስተማሪያና ለምርምር እንዲቀመጥ መፍቀዱን፣ ለሽያጭ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ለመልቀቅ ግን እንደገና ሊጠየቅ እንደሚገባ የሚገልጽ አጭር የስምምነት ቅጽ ይፈርም። ዜማው ከሌላ ሰው የተማረው ከሆነ ከማን እንደተማረው፣ የትና መቼ እንደሆነ በቅጹ ላይ ይመዝገብ፤ ለተመራማሪ ከዜማው እኩል የሚጠቅመው ይህ መረጃ ነው።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። የከተማችን ሰው በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፎ የደረሰበትን ጉዳት ያውቃል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ የቀድሞ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለው ያ ሙዚየም የያዘው ዕቃ በሌላ ቦታ ምትክ የሌለው ነበር፤ ድምፅ ግን ሳይጎዳ ሊባዛ የሚችል ቅርስ ስለሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ይቅር የማይባል ስንፍና ነው። አንዱ ቅጂ በቅሬው፣ አንዱ በመምሪያው፣ ሌላው በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አራተኛው ደግሞ ከከተማው ውጭ በወመዘክር፣ ማለትም በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ አስፍሩ። ይህ አንቀጽ ለጥያቄያችሁም ክብደት ይሰጠዋል፤ መምሪያው ገንዘብ አውጥቶ ቋሚ ሀብት እንደሚረከብ ያሳያልና። ማስመረቂያውን እንደ አይጠየፍ አዳራሽ ባለ ታሪካዊ ቤት ለማድረግ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ከቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ቅርስ በሆነ ሕንፃ ላይ የጥገናም ሆነ የለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል፤ መብራትና መድረክ ለማሰር ግድግዳ መብሳት እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ከከተማው ሌላ ምንጭ ስትፈልጉ ኮምቦልቻን አትርሷት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ናት፤ ትልልቅ ድርጅቶች ለኅብረተሰብ የሚያውሉት ገንዘብ ሊኖራቸው ይችላል። ከመምሪያው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ባዶ እጅ ከመሄድ በጣም ይለያል፤ ስለዚህ ይህን ከመምሪያው ጋር ከተፈራረማችሁ በኋላ አድርጉት።

በጀቱ ጸድቆ ሥራው ሲጀመር፣ በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ዕቃ በመንግሥት ንብረትነት እንደሚመዘገብ አትዘንጉ። መምሪያው ዕቃውን በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጎ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ሲያደርግላችሁ፣ የሚፈርመው ሰው በስሙ ይጠየቅበታል። ወጣት አባላት ተቻኩለው እንዳይፈርሙ፤ የሚፈርመው ቅሬው በቃለ ጉባኤ የወከለው ሰው ይሁን፤ የዕቃው መለያ ቁጥርም በርክክቡ ላይ ይጻፍ። ሰኔ 30 ቀን ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ደግሞም በሰኔ የግዢና የፋይናንስ ክፍሎች በዓመቱ መዝጊያ ሥራ ስለሚጨናነቁ፣ ግዢያችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት፣ ቀሪ ክፍያችሁም ከግንቦት መጨረሻ በፊት እንዲያልቅ ከመምሪያው ጋር የድርጊት መርሐ ግብር አውጡ። በየሩብ ዓመቱ የተቀረጹትን ሰዎች ብዛት፣ የሠለጠኑትን ልጆችና የወጣውን ብር የሚያሳይ አንድ ገጽ ሪፖርት መምሪያው ሳይጠይቃችሁ አስገቡ፤ ግልባጩን ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ስጡ።

ጥያቄያችሁ በዚህ ዓመት ባይካተት ደግሞ በቃል በሚነገር መልስ አትመለሱ። የገቢ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ምላሹ ውድቅ የተደረገበትን ምክንያት ይይዛልና፣ የጣሪያ ጉዳይ ከሆነ በሚቀጥለው ጥር መጠኑን ቀንሳችሁ፣ የአደረጃጀት ጉዳይ ከሆነ ጉድለቱን አሟልታችሁ የቀደመውን ደብዳቤ በአባሪነት አያይዛችሁ ታቀርባላችሁ። በመካከሉ ግን በዕድሜ እጅግ የገፉትን ሁለት ሦስት አዋቂዎች በጀት ሳትጠብቁ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በእጃችሁ ባለው ስልክ ቅረጿቸው፤ የስምምነት ቅጹን ማስፈረምና ቅጂውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ አይቅር። የተጀመረ ሥራ ያለው ጠያቂ በበጀት ክርክር ላይ ናሙና ያሰማል፤ ኮሚቴውም ምን እንደሚደግፍ በጆሮው ሰምቶ ይወስናል።